የቃላት ደመና ለቃላት ትምህርት፦ ለወሎ መምህር የትኛው መሣሪያ ያዋጣል?

«የቃላት ደመና» የሚባለው ሥዕል ሥራው አንድ ነው፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ የተደጋገመውን ቃል አግዝፎ፣ አልፎ አልፎ ብቻ የመጣውን አሳንሶ፣ ሁሉንም ባንድ ላይ ማከማቸት። ለቃላት ትምህርት ይጠቅማል የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የወሎ ገበሬ ግን በበልግ የጠቆረ ሰማይ ሁሉ እንደማይዘንብ ያውቃል። ይህም ደመና እንደዚያው ነው። መሣሪያው የሚቆጥረው የቃሉን ቅርጽ ብቻ ነው፤ ትርጉሙንም ሆነ ለተማሪው ያለውን ጥቅም አያውቅም። ስለዚህ እዚህ የተገመገሙት መሣሪያዎች የተመዘኑት ባንድ ጥያቄ ነው፦ መምህሩ የቃላቱን ዝርዝር በእጁ እንዲያስተካክል ይፈቅዳል ወይ? ሥዕል ማሳመሩን ሁሉም ይችሉበታል።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። ይህቺ ባለ 27 ቃል ምንባብ ለ5ኛ ክፍል አማርኛ ትሆናለች፦

«ባቲ ሰኞ ሰኞ ትደምቃለች። ከቆላ የመጡ ግመሎች ገበያውን ይሞላሉ። ከደጋ የመጣው ገብስ በገበያው ዳር ይሰፈራል። ገበያተኛው ይከራከራል፤ ሻጭ ዋጋ ይጠራል፤ ገዥ ዋጋ ያወርዳል። ዋጋው ሲቆረጥ ገበያው ይረጋጋል።»

ያነበበ ልጅ ሁሉ ምንባቡ ስለ ገበያ ነው ይላል። መሣሪያው ግን «ገበያውን»፣ «በገበያው»፣ «ገበያተኛው» እና «ገበያው» የሚሉትን እንደ አራት የተለያዩ ቃላት ቆጥሮ ለእያንዳንዳቸው 1 ይሰጣል። ሁለት ጊዜ የተቆጠሩት «ሰኞ» እና «ዋጋ» ብቻ ናቸው። ደመናው ላይ ገዝፈው የሚወጡትም እነሱ ናቸው፤ «ገበያ» አራት ቦታ ተበትኖ ከ«ዳር» እና ከ«ገብስ» እኩል ኮስምኖ ይቀራል። ለእንግሊዝኛ የተሠራ መሣሪያ አማርኛ ሲሰጡት የሚሆነው ሁልጊዜ ይኸው ነው። በእንግሊዝኛ መስተዋድድ ለብቻው ይጻፋል፤ በአማርኛ «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» ከቃሉ ጋር ይጣበቃሉ፣ «ን»፣ «ው»፣ «ና»፣ «ም» ከኋላ ይቀጠላሉ።

ቅጥያውን አንሥተን በእጅ ብንቆጥር «ገበያ» 3፣ «ዋጋ» 3፣ «ሰኞ» 2፣ «መጣ» 2 ይሆናል። «ገበያተኛ» የራሱ ትርጉም ስላለው ለብቻው ይቀመጣል። ይሄም ቢሆን ገና ጥሬ ነው። «መጣ» የሚለውን ቃል የማያውቅ የ5ኛ ክፍል ተማሪ የለም፤ ይውጣ። «ይሰፈራል» ግን አንዴ ብቻ ነው የመጣው፤ ሆኖም ደሴ መሐል ከተማ ተወልዶ እህል በኪሎ ሲሸጥ ብቻ ላየ ልጅ የምንባቡ ከባዱ ቃል እሱ ነው። ስለዚህ ለእሱ 5 እንሰጠዋለን። ቁጥሩን ጽሑፉ ሳይሆን መምህሩ ይወስናል ማለት ነው። ይህን ያደረገ መምህር ተማሪዎቹን «ትልቁ ቃል ብዙ የተደጋገመው ነው» ማለት አይችልም፤ «ትልቁ ቃል ዛሬ የምንማረው ነው» ይበላቸው። ሁለቱን ሳይለዩ መጠቀም ልጆቹን ያሳስታል።

ሌላም አለ። «ዋጋው ሲቆረጥ» ውስጥ ያለው ቁም ነገር «ዋጋ መቁረጥ» የሚለው አነጋገር ነው። ደመናው «ዋጋ»ን ወዲህ፣ «ቆረጠ»ን ወዲያ ሲጥላቸው አነጋገሩ ይሞታል፤ ልጁ «ቆረጠ»ን ሲያይ የሚያስበው ቢላዋ ነው። ስለዚህ ሁለቱ እንደ አንድ ቃል ተያይዘው መግባት አለባቸው። ይህን የማይፈቅድ መሣሪያ ለአማርኛ ክፍል አይመከርም።

የጽዳቱ ሥራ

ባለ 150 ቃል ምንባብ ለማጽዳት ግማሽ ሰዓት ያህል መመደብ ነው። መጀመሪያ የሚፈተሸው ጽሑፉ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ሥርዓት፣ የተጻፈ መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብዙ የትምህርት ቤት ፋይሎች፣ በተለይ የቆዩ የፈተና ወረቀቶች፣ ከዚያ በፊት በነበረው ስልት በተሠሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ናቸው። መለያው ቀላል ነው፦ ጽሑፉን መርጦ ፎንቱን ወደ ኒያላ ወይም ወደ ኢብሪማ መቀየር። ፊደሉ ከጠፋና የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ከመጣ ዩኒኮድ አይደለም፤ የትኛውም የደመና መሣሪያ አያነበውም። ለ150 ቃል መቀየሪያ ሶፍትዌር ከመፈለግ እንደ አዲስ መተየብ ይቀላል።

ቀጥሎ ሞክሼ ሆሄያት። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» ለሰው አንድ ናቸው፤ ለመሣሪያው ሦስት። «ዓለም» እና «አለም»፣ «ሠራ» እና «ሰራ»ም እንዲሁ። ወሎ ላይ ችግሩ በቦታ ስሞች ይብሳል። ከደሴ በስተሰሜን ያለችው ከተማ «ሐይቅ»፣ «ሀይቅ»፣ «ኃይቅ» ተብላ ትጻፋለች፤ ከዚያ ላይ የውሃው ሐይቅ ራሱ ይጨመራል። «ወረኢሉ» ለያይተው ከጻፉት ሁለት ቃል ይሆናል። ከዓረብኛ የመጡትም፣ እንደ «ዱዓ» እና «ዱአ» ያሉት፣ በጸሐፊው ልማድ ይለያያሉ። አንዱን አጻጻፍ መርጦ በ«ፈልግና ተካ» ሁሉንም ወደዚያ ማምጣት ነው። እዚህ ላይ «ፈልግና ተካ» ደህና ያገለግላል።

ቅጥያ ለመቁረጥ ግን አያገለግልም፤ ይሄ በተደጋጋሚ የሚሠራ ስሕተት ነው። ከቃል መነሻ ያለ «በ»ን ሁሉ ሰርዝ የተባለ ኮምፒውተር «በሬ»ን «ሬ»፣ «በግ»ን «ግ»፣ «በልግ»ን «ልግ» ያደርጋል። «ከ» ሲነሣ «ከተማ» «ተማ» ይሆናል፤ «የ» ሲነሣ «የካቲት» «ካቲት»። ከመጨረሻ «ው» ሲቆረጥ «ሰው» «ሰ» ብቻ ይቀራል፣ «ን» ሲቆረጥ «ዘመን» «ዘመ»። ግስማ ከነጭራሹ በቅጥያ አይገዛም፦ «ሰፈረ»፣ «ይሰፈራል»፣ «መስፈሪያ»፣ «ስፍር» አናባቢያቸው ውስጥ ለውስጥ ይቀያየራል። በእጅ ከማየት ሌላ መፍትሔ የለም። ለግስ «ሰፈረ» የሚለውን የመዝገበ ቃላት መልክ መያዝ ይሻላል፤ ልጁ መዝገበ ቃላት ሲገልጥ የሚያገኘው እሱን ነውና።

እዝባርና ነጥብ ያለባቸው ምሕጻረ ቃላት ደግሞ ተንኮለኞች ናቸው። ብዙ መሣሪያዎች እዝባሩን እንደ ክፍተት ይቆጥሩታል። «ት/ቤት» ሲገባ «ት» ብቻውን ይወድቃል፣ «ቤት» ይቀራል፤ «ም/ቤት»ም ያው «ቤት» ይሆናል። ስለ ትምህርት ቤት የተጻፈ ምንባብ ደመና ላይ «ቤት» ግዙፍ ሆኖ ከወጣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ዘርዝሮ መጻፍ ይፈታዋል። በመጨረሻ «ነው»፣ «ነበር»፣ «እና»፣ «ግን»፣ «ላይ»፣ «ውስጥ»፣ «ጋር»፣ «ወደ»፣ «ስለ»፣ «እንደ»፣ «ይህ»፣ «ሁሉ» ይወጣሉ። ትምህርቱ ስለ መስተዋድድ ከሆነ ግን እነሱን ትቶ ስሙንና ግሱን ማውጣት ይቻላል፤ እንዲያውም ያልተለመደ ጥሩ ደመና ይወጣዋል።

መሣሪያዎቹ

የቆዩ መምህራን «ዎርድል» የሚለውን ስም ያስታውሱ ይሆናል። የአይቢኤም ባልደረባ የነበረው ጆናታን ፋይንበርግ በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ የቃላት ደመናን በዓለም ክፍሎች ያስለመደው እሱ ነበር። በብሮውዘር ውስጥ የሚሠራው በጃቫ ስለነበር፣ ብሮውዘሮች ጃቫን መቀበል ሲያቆሙ አብሮ ተዳከመ። ዛሬ ስሙን ፈልጎ የሚከፍት መምህር የሚያገኘው ጆሽ ዋርድል በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣውን፣ በዓመቱ ኒው ዮርክ ታይምስ የገዛውን ባለ አምስት ፊደል የእንግሊዝኛ ቃል መገመቻ ጨዋታ ነው። ጨዋታው ደስ ይላል፤ ሥራው ግን ሌላ ነው።

ዎርድአርት፣ ድሮ ታጉል ይባል የነበረው፣ ደመናውን በስኒ፣ በዛፍ፣ በካርታ ቅርጽ ይሠራል። የራስን ፎንት መጫን ይፈቅዳል፤ የአማርኛ ፎንት ሳይሰጡት አማርኛ መስጠት ግን ድካም ነው። የጀበና ቅርጽ ውስጥ «አቦል»፣ «ቶና»፣ «በረካ» ሲደረደሩ ለግድግዳ ያምራል። ለትምህርት ግን ቅርጹ ራሱ ጠላት ነው፤ መሣሪያው ክፍተት ለመሙላት ቃላቱን ይደጋግማል፣ ያጣምማል፣ ያሳንሳል። የወላጆች ቀን ሲደርስ ይጠቀሙበት።

የጄሰን ዴቪስ ደመና ሠሪ መልኩ ደረቅ ነው፤ ማስታወቂያም ምዝገባም የለውም። ገጹ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ሥዕሉን የሚሠራው በራስዎ ብሮውዘር ላይ ስለሆነ ኔትወርኩ መሐል ላይ ቢጠፋም ሥራው አይቆምም፤ ዳታ በሚቆራረጥበት አካባቢ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ለአማርኛ የሚያስመርጠው በአንድ መስመር አንድ ቃል የሚለው ምልክት ነው። ያንን ሲመርጡ በአንድ መስመር ላይ ያለው ሁሉ፣ ባዶ ቦታ ቢኖረውም፣ እንደ አንድ ቃል ይያዛል፤ «ዋጋ መቁረጥ» ሳይለያይ ይወጣል። ለአንድ ቃል 5 መስጠት ከፈለጉ አምስት መስመር ላይ አምስት ጊዜ ይጻፉት። የፎንቱ ሳጥን ውስጥ ኢምፓክት የሚል ተጽፎ ይገኛል፤ እሱ የአማርኛ ፊደል የለውም፤ በኮምፒውተሩ ላይ ያለ የአማርኛ ፎንት ስም ይተኩበት። ቃላቱን ከ60 ዲግሪ ወዲያና ወዲህ ያጋድማቸዋልና የአቅጣጫውን ብዛት 1፣ ሁለቱንም ማዕዘኖች 0 ያድርጉ። የእኛ ፊደል ተጋድሞ ሲጻፍ «ሰ»ና «ለ»፣ «በ»ና «ሰ» ለጀማሪ አንባቢ ይምታታሉ። የመጠን ስሌቱ ሦስት ምርጫ አለው፦ ቁጥሩ እንዳለ፣ የቁጥሩ ካሬ ሥር፣ ሎጋሪዝም። ቁጥሩ እንዳለ ከተወሰደ 10 ያገኘው ቃል 1 ያገኘውን ይውጠዋል፤ ሎጋሪዝሙ ልዩነቱን ያደበዝዛል፤ ለክፍል ካሬ ሥሩ ይበቃል።

አንድ ጉድለቱ ሲያስቀምጡት ነው። ኤስቪጂ በሚባለው መልክ ካስቀመጡት ፎንቱ አብሮ አይሄድም፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያ ፎንት ከሌለ ቃላቱ ተጠጋግተው ወይም ተደራርበው ይወጣሉ። ለሕትመት የሚወስዱት በፒኤንጂ፣ ፎንት በማይጠይቀው የሥዕል መልክ፣ ይሁን።

ዎርድክላውድስ የሚባለው ድረ ገጽ የቃላቱን ዝርዝር በሰንጠረዥ መልክ ያሳያል፤ ለእያንዳንዱ ቃል ክብደትና ቀለም መስጠት ይቻላል። አምስት ጊዜ ደጋግሞ ከመጻፍ 5 ብሎ መጻፍ ይቀላል። ቀለም በቃል መመደቡም ለሰዋስው ይጠቅማል፦ ስም ሰማያዊ፣ ግስ ቀይ፣ ቅጽል አረንጓዴ። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ቀለም በዘፈቀደ ይረጫሉ፤ ተማሪው ግን ቀለም ሲያይ ትርጉም ይፈልጋል፣ «ቀዮቹ ለምን ቀይ ሆኑ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልስ የሌለው ቀለም ባይኖር ይሻላል። ገጹ ማስታወቂያ ይበዛበታል፣ በደካማ ኔትወርክም ይጎተታል።

ቮያንት ቱልስን ስቴፋን ሲንክሌርና ጄፍሪ ሮክዌል የሠሩት ለሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች ነው፤ ደመናው ከብዙ ክፍሎቹ አንዱ ብቻ ነው። ከሌሎቹ የሚበልጥበት ነገር አንድ ነው፤ ደመናው ላይ ያለውን ቃል ሲጫኑ ቃሉ የገባባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ከነአካባቢያቸው ያወጣል። ለቃላት ትምህርት ይህ ከደመናው ራሱ ይበልጣል። ቃል ያለ ዐረፍተ ነገር ምን ይሆናል? ሌላም ብልሃት አለው፦ «ገበያ» ብሎ ከኋላው ኮከብ ምልክት ሲያስከትሉ በ«ገበያ» የሚጀምሩትን ሁሉ ባንድ ይቆጥራል። «ገበያው»፣ «ገበያውን» ይገባሉ፤ «ገበያተኛ»ም ሳይፈለግ ይገባል፤ «በገበያው» ግን በ«በ» ስለሚጀምር ያመልጣል። ግማሽ መፍትሔ ነው። የማይፈለጉ ቃላትን ዝርዝር መምህሩ ራሱ መሙላት ይችላል። በኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ቅጂም አለው። ለ5ኛ ክፍል ከልክ ያለፈ ነው፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አማርኛ ለሚያስተምር ወይም የተማሪ ድርሰት ባንድ ላይ ማየት ለሚፈልግ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መምህር ግን ከዚህ የተሻለ አናውቅም።

ሜንቲሜትር የስዊድን ሥራ ነው። ተማሪዎች በየስልካቸው ቃል ሲልኩ ደመናው ፕሮጀክተሩ ላይ ዓይናቸው እያየ ያድጋል። ስልክ ክፍል ውስጥ በሚፈቀድበት ቦታ ያስደስታል። እኛ ጋ ግን ሦስት ግድግዳ አለበት፦ አብዛኛው ትምህርት ቤት ስልክ አያስገባም፤ ነጻው አማራጭ በወር 50 ተሳታፊ ላይ ይቆማል፣ የአንድ ክፍላችን ልጆች ደግሞ ከዚያ ይበልጣሉ፤ ሦስተኛው ሞክሼ ሆሄ ነው፣ አንዱ «ኃይል» ሌላው «ሀይል» ሲልክ ድምፁ ይከፋፈላል። ለመምህራን ሥልጠና ይሁን፤ ለልጆች ወረቀቱ ይሻላል፣ እሱን ከታች ታገኙታላችሁ።

ፓይተን፤ የኮምፒውተር መምህር ላለበት ትምህርት ቤት

የኮምፒውተር ክፍል ላለውና ኢንተርኔት ለሌለው ትምህርት ቤት ምርጫችን አንድርያስ ሙለር የጻፈው «ዎርድክላውድ» የተባለ የፓይተን ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ነው፣ ቤተ መጻሕፍት የሚባለውም በእሱ የተዘጋጀ የትእዛዞች ጥቅል። ነጻ ነው፣ ከተጫነ በኋላ መረብ አይጠይቅም። ለመጫን ኔትወርክ ባለበት ኮምፒውተር ላይ በ«ፒፕ ዳውንሎድ» ትእዛዝ ጥቅሉን ከነጥገኞቹ (ነምፓይ፣ ፒሎው፣ ማትፕሎትሊብ) በፍላሽ ማውረድ፣ ከዚያ በየኮምፒውተሩ ከፍላሹ መጫን ይቻላል። አልጫን ካለ መጀመሪያ የሚታየው የፓይተኑ ቁጥርና የዊንዶውሱ ዓይነት ነው፤ ለ64 ቢት የወረደ በ32 ቢት ላይ አይሠራም፣ ለአንዱ የፓይተን እትም የወረደም ለሌላው ላይሆን ይችላል።

መጀመሪያ ሲያሠሩት በአማርኛ ቃል ፋንታ ባዶ አራት ማዕዘኖች ይደረደራሉ። ቤተ መጻሕፍቱ አልተበላሸም፤ ይዞት የሚመጣው ድሮይድ ሳንስ ሞኖ የተባለ ፎንት የኢትዮጵያ ፊደል ስለሌለው ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለውን ነጻ ፎንት ፋይል አምጥቶ አድራሻውን «ፎንት ፓዝ» ለሚባለው ምርጫ መስጠት ነው።

ጥሬ ጽሑፍ ከሰጡት የቆዩ እትሞቹ ባለ አንድ ፊደል ቃላትን ይጥላሉ፤ ለእንግሊዝኛ ልክ ነው፣ በአማርኛ ግን «ና!» የሚለው ሙሉ ትእዛዝ ይጠፋል። ጎን ለጎን የሚደጋገሙ ሁለት ቃላትንም ሳይጠየቅ እያጣመረ ያስገባል፤ «ኮሎኬሽንስ» የሚባለውን ምርጫ መዝጋት ይህን ያስቀራል። ከሁሉ የሚሻለው ጥሬ ጽሑፍ አለመስጠት ነው። የተጣራውን ዝርዝር ከነክብደቱ፣ «ገበያ» 3፣ «ዋጋ መቁረጥ» 5፣ «ሰፈረ» 5 እያሉ፣ በቀጥታ ከድግግሞሽ ለሚሠራው ትእዛዝ ይስጡት፤ ያኔ አይቆርጥም፣ አይጥልም፣ ክፍተት ያለበትንም ሐረግ እንዳለ ይወስዳል።

ለሕትመት ልኩን ማስተካከል ግድ ነው። ሳይነኩት የሚያወጣው ሥዕል 400 በ200 ነጥብ (ፒክስል) ብቻ ስለሆነ ኤ4 ላይ ሲታተም ይደበዝዛል። ኤ4 ወረቀት በጎኑ፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ 3508 በ2480 ነው። አንድ ወረቀት ለሦስት ልጆች ከሆነ ትንሹ ፊደል ከ60 ነጥብ በታች እንዳይሆን፤ ያ በወረቀት ላይ ወደ 14 ፖይንት ይጠጋል። አግድም የመጻፍ ምርጫውን 1 ማድረግ ቃል እንዳይቆም ያደርጋል። የቃላቱ ብዛት ከ25 አይብለጥ፤ ከእነዚያም አዲሶቹ ከ8 እስከ 10 ይበቃሉ። ፎቶ ኮፒው ጥቁርና ነጭ ነውና ሁሉንም ቃል በጥቁር ያድርጉ፤ ቢጫና ውሃ ሰማያዊ ቃል ፎቶ ኮፒ ማሽን ውስጥ ገብቶ አይወጣም።

ከሚሴና አካባቢው ላይ በአፋን ኦሮሞ ለሚያስተምሩ አንድ ማስታወሻ፦ ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ የፎንት ችግር የለም፤ ችግሩ ሁድሃ፣ በቃል መሐል የምትገባዋ ጭረት፣ ነው። ቀጥ ያለችውን ምልክት ይህ ቤተ መጻሕፍት የቃሉ አካል አድርጎ ይይዛታል፤ ስልክ ላይ ሲተየብ የምትመጣዋ ጎባጣዋ ግን ቃሉን ለሁለት ትከፍለዋለች። አስቀድሞ ሁሉንም ወደ ቀጥተኛዋ መቀየር ነው።

ክፍል ውስጥ ሲገባ

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከአገር ቋንቋ ትምህርት በቀር ሌላው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የባዮሎጂና የጂኦግራፊ መምህራንም ይህን መሣሪያ ይፈልጉታል። ለእነሱ ጽዳቱ ይቀላል፤ ሌላ ወጥመድ ግን አለ። ሁለት ቃላት እኩል ክብደት ቢኖራቸውም ረጅሙ ብዙ ቦታ ይይዛልና ይበልጥ የተደጋገመ ይመስላል። «ፎቶሲንተሲስ» ከ«ሴል» አጠገብ ተራራ ነው። በአማርኛም «ይከራከራል» ከ«ዋጋ» አጠገብ እንዲሁ ነው። ለተማሪዎቹ የሚነገረው የፊደሉን ቁመት እንዲያዩ ነው፤ ርዝመቱን አይዩት።

በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ደመናው የሚጠቅመው ከንባብ በፊት ነው። ምንባቡን ሳይሰጡ ደመናውን ብቻ ይስጡ፣ «ምንባቡ ስለ ምን ይመስላችኋል?» ብለው ይጠይቁ፤ ለዚህ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ይነበብ። ከንባብ በኋላ ደግሞ አንድ ቁልፍ ቃል ሆን ተብሎ የጎደለበት ሁለተኛ ደመና ማውጣት ጥሩ ነው፤ የጎደለውን ያገኘ ቡድን ዐረፍተ ነገር ይሠራበታል። ያልተሳካ አጠቃቀም የምንለው ተማሪዎች ትልልቆቹን ቃላት ደብተር ላይ ገልብጠው ከጎናቸው ፍቺ እንዲጽፉ ማዘዝን ነው። ያንን ተራ ዝርዝርም ይሠራዋል፤ ለዚያ ወረቀት ማባከን አያስፈልግም።

የአማርኛ ደመና አንድ ጉድለቱ ለትምህርት ወርቅ ሆኖ ይገኛል። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ ዐረፍተ ነገር ሲኖር አገባቡ ይነግረናል፣ ደመና ውስጥ ግን ዐረፍተ ነገር የለም። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልመጣም» የሚለው? «ዋና» ውሃ ውስጥ ነው ወይስ ዋና ከተማ? «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ይኖራል? «ሰፊ» ልብስ የሚሰፋው ነው ወይስ ጠባብ ያልሆነው? እነዚህን ሆን ብሎ ደመናው ውስጥ ማስገባት፣ ተማሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁለቱንም እንዲያነብ፣ ለእያንዳንዱም ዐረፍተ ነገር እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ስለ ወሎ ቅኝቶች የተጻፈ ምንባብ ካለ ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል። «ባቲ» ከተማም ቅኝትም ነው፤ «አምባሰል» ተራራም ወረዳም ቅኝትም፤ «ትዝታ» ቅኝትም የልብ ነገርም። መሣሪያው ሁሉንም ባንድ ጨፍልቆ ይቆጥራቸዋል፤ ልጆቹ ይለያዩአቸው። «አንቺ ሆዬ»ን ግን አያይዘው ያስገቡ፤ አለበለዚያ «አንቺ» ተውላጠ ስም ሆና ለብቻዋ ትንሳፈፋለች።

መብራት ሲጠፋ

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የኮምፒውተር ክፍላቸው የተዘረፈባቸው የሰሜንና የደቡብ ወሎ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ከዚያ በፊትም ያልነበራቸው ብዙ ናቸው። ለእነሱ ፍሊፕ ቻርትና ማርከር፣ ወይም ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃል፤ ለቃላት ትምህርት ከሜንቲሜትር የሚያንስበት ነገር ጥቂት ነው፤ ያም ፍጥነቱ ብቻ ነው።

60 ተማሪ በአንድ ለአምስት ሲደራጅ 12 ቡድን ይሆናል። ምንባቡ ከተነበበ በኋላ እያንዳንዱ ቡድን ይከብዳል ያላቸውን ሦስት ቃላት በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይሰጣል፤ 36 ምርጫ ተሰበሰበ ማለት ነው። መምህሩ ሰሌዳው ጥግ ላይ በጭረት ይቆጥራል። «በገበያው»ና «ገበያው» ሲመጡ አንድ ቃል መሆናቸውን ልጆቹ ራሳቸው ይወስኑ፤ ኮምፒውተሩ ያቃተው የጽዳት ሥራ እዚህ ላይ የሰዋስው ትምህርት ይሆናል። አንድ ቡድን ብቻ የመረጠው ቃል በ8 ሴንቲሜትር ቁመት ይጻፋል፤ ከሁለት እስከ አራት የመረጡት በ12፤ አምስትና ከዚያ በላይ የመረጡት በ20። ከዚያ ባነሰ ቁጥር ርቆ የተቀመጠ ልጅ «ጸ»ንና «ጰ»ን ለመለየት ይቸገራል። ትልልቆቹ መጀመሪያ መሐል ላይ ይጻፉ፤ ከዳር ከተጀመረ ለትልቁ ቃል ቦታ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩም የሚደረድረው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

ሰሌዳው ከመጥፋቱ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ ጭረቱ ያለበት ጥግ ፎቶው ውስጥ እንዲገባ። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ምርጫ ደግመው ሲያስቆጥሩ 20 ሴንቲሜትር የነበረው ቃል ወደ 8 ወርዶ እንደሆነ የሚታየው ከጭረቶቹ ነው።